በመቃብር ቦታ የነጋ ፋሲካ

(በትንሣኤ ሰሞን በሬዲዮ ከተላለፈ መልእክት ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

 

እስቲ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ጌታ ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን ወደ ዓለም የላካቸው መቼ ነው? ብዙዎቻችን “ሲያርግ ነዋ!” እንላለን። አልተሳሳትንም። ግን ዮሐንስ ምዕራፍ 20ን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ማለዳ መቃብሩ ባዶ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ቀን ምሽት፣ ደቀ መዛሙርቱ ፈርተው በራቸውን ዘግተው ተቀምጠው ሳሉ፣ ጌታ መጥቶ በመካከላቸው ቆመ። ሰላም ሰጣቸው፤ እጁንና ጎኑን አሳያቸው፤ ወዲያውም አብ እርሱን እንደላከው እርሱም እንደሚልካቸው ነገራቸው። በፋሲካ ምሽት እኮ ነው! ገና ድንጋጤው እንኳ አልለቀቃቸውም። በእኛ ቤት ያ ሰዓት ዶሮው ተበልቶ፣ እንግዳው ተሸኝቶ፣ ጋደም የምንልበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ ተልእኮ ከትንሣኤ በኋላ ቆይቶ የመጣ ሌላ ፕሮግራም አይደለም። በዚያው ቀን የተሰጠ ነው። ዛሬ ይህን በደንብ የገባቸው ሰዎችን ታሪክ ልነግራችሁ እፈልጋለሁ። ታሪኩ የሚጀምረው ከመቃብር ቦታ ነው።

በጀርመን አገር፣ በሳክሶኒ ግዛት ሄርንሁት የሚባል መንደር አለ። እ.ኤ.አ. በ1722 ከሞራቪያ በእምነታቸው ምክንያት ተሰደው የመጡ ሰዎች፣ ካውንት ዚንዘንዶርፍ በሚባል መኳንንት ርስት ላይ ተጠግተው የቆረቆሩት ነው። አናጺ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ ናቸው፤ ከእጃቸው ሙያ በቀር ሀብት የላቸውም። መጀመሪያ ላይ እርስ በርሳቸው ተጣልተው ሊበታተኑ ነበር። (ስደተኛ ሆኖ መጣላት እንዴት ቀላል እንደሆነ በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች ታውቁታላችሁ።) እ.ኤ.አ. በ1727 ግን ጌታ በመካከላቸው ሠራ። ታረቁ። ሰዓት ተከፋፍለው ሌት ተቀን መጸለይ ጀመሩ። ይህ ተራ በተራ የሚደረግ ጸሎት ከ100 ዓመት በላይ ቆየ ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1732 በፋሲካ ዕለት ሊነጋጋ ሲል፣ የመንደሩ ያላገቡ ወንዶች ተሰብስበው ከመንደሩ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ወዳለው መቃብር ቦታ ወጡ። እዚያም ቆመው የጌታን ሞትና ትንሣኤ እያሰቡ ዘመሩ። ፀሐይ በመቃብሮቹ ላይ ወጣች። ሌላ ነገር አላደረጉም። ነገር ግን ልማድ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬም የሞራቪያ አብያተ ክርስቲያናት ባሉበት አገር ሁሉ የትንሣኤ ጠዋት አምልኮ የሚደረገው በመቃብር ቦታ ነው። በሥርዓታቸው ውስጥ፣ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ወደ ጌታ የሄዱትን የማሰቢያ ጊዜ አለ።

ያን ቦታ “የእግዚአብሔር እርሻ” ይሉታል። ምን ማለታቸው እንደሆነ 1 ቆሮንቶስ 15ን ያነበበ ይገባዋል፤ የተቀበረው የተዘራ ነው። ድንጋዮቹ ሁሉ መሬት ላይ የተጋደሙና አንድ ዓይነት ናቸው። ባለጸጋ ነው፣ ድሃ ነው፣ ከዚህ ዘር ነው የሚል ከፍታ የለም። በዘመድ በዘመድም አይቀበሩም፤ ወንድሞች ከወንድሞች ጋር፣ እህቶች ከእህቶች ጋር፣ በሞቱበት ተራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በአገራችን የወንጌል አማኝ ለሙታኑ መቀበሪያ አፈር ያጣባቸው ቦታዎችና ዘመናት ነበሩ። አስከሬን ተሸክመው ከደጅ የተመለሱ አባቶች አሉ። ይህን ያየ ሰው “መቃብሩ ባዶ ነው” የሚለውን ቃል እንደ በዓል መፈክር ብቻ ሊሰማው አይችልም። ወደ ነገራችን ልመለስ።

ያ ፋሲካ አልፎ አራት ወር ሲሆነው፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1732፣ ከዚያው መንደር ሁለት ሰዎች በሌሊት ተነሥተው ሄዱ። ሊዮናርድ ዶበር ሸክላ ሠሪ ነው፤ ዴቪድ ኒችማን አናጺ። መድረሻቸው በካሪቢያን ባሕር ውስጥ ያለች ሴንት ቶማስ የምትባል፣ በዴንማርክ የምትገዛ ደሴት ናት። ምክንያቱ ደግሞ ይህ ነው። ዚንዘንዶርፍ ኮፐንሃገን ሄዶ በነበረበት ጊዜ አንቶን የሚባል ከዚያች ደሴት የመጣ ጥቁር ባሪያ አገኘ። አንቶን በኋላ ሄርንሁት ድረስ መጥቶ፣ እህቱና ወንድሙ በደሴቲቱ በባርነት እንዳሉና ወንጌልን የሚነግራቸው እንደሌለ ተናገረ። ሥራቸው ከባድ ስለሆነ፣ ሊያስተምራቸው የሚፈልግ ሰው ራሱ ባሪያ ካልሆነ በቀር እንደማያገኛቸውም ጨመረ።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። ይህ ታሪክ በየምስባኩ ሲነገር “ሁለቱ ወጣቶች ራሳቸውን ለባርነት ሸጠው ሄዱ” ይባላል። ሕዝቡ ያለቅሳል። እኔም ራሴ እንደዚያ ብዬ ሰብኬያለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ታሪኩን በደንብ ስመለከተው እንደዚያ አልሆነም። ባሪያ ለመሆን ፈቃደኞች ነበሩ፣ ይህ እውነት ነው። ግን ኮፐንሃገን ሲደርሱ ነጭ ሰው ባሪያ ሆኖ ሊያገለግል እንደማይችል ተነገራቸው። ታዲያ በምን ትኖራላችሁ? ሲባሉ ኒችማን በአናጺነቴ እሠራለሁ አለ። ይሄ ሸክላ ሠሪውስ? ሲሉት ደግሞ እርሱንም እኔ አበላዋለሁ ብሎ መለሰ ይባላል።

ለእኔ ይህ ከተጋነነው ታሪክ ይበልጥብኛል። ራስን መሸጥ አንድ ጊዜ የሚደረግ ትልቅ ነገር ነው። ወንድምን በመጋዝና በመዶሻ ሠርቶ ማብላት ግን በየጠዋቱ የሚደረግ ነው። የሚሲዮናዊ ሕይወት አብዛኛው ይህን ይመስላል።

ደሴቲቱ ሲደርሱ የመጀመሪያ ሥራቸው የአንቶንን እህትና ወንድም ፈልገው ደብዳቤውን ማንበብ ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ጠበቀ። ዶበር ሸክላ ሊሠራ ቢሞክር የደሴቲቱ አፈር አልሆነለትም። ሁለቱም የበሉት በኒችማን ሥራ ነው። ኒችማን ደግሞ ወደ ቤቱ እንዲመለስ አስቀድሞ የተወሰነ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1733 ፋሲካ ባለፈ ሰሞን በመርከብ ተሳፍሮ ሄደ። አስቡት፤ ባለፈው ዓመት በመንደሩ የትንሣኤ ዝማሬ በመቃብር ቦታ ተጀመረ፤ ዘንድሮ ሸክላ ሠሪው ሙያውም አልሠራለት፣ ጓደኛውም የለ፣ በሰው አገር ብቻውን ቀረ።

የደሴቲቱ ገዥ አዘነለትና የቤቱ መጋቢ አድርጎ ቀጠረው። ጥሩ ቤት፣ ጥሩ ምግብ አገኘ። ዶበር ግን ብዙም አልቆየ። በገዥው ቤት ተቀምጦ ባሮቹ ዘንድ መድረስ እንደማይችል ሲያይ ሥራውን ለቀቀ፤ ትንሽ ጎጆ ተከራይቶ ዘበኛ እየሆነ፣ ያገኘውን እየሠራ ከእነርሱ ጋር ኖረ።

በኋላ ሌሎች ተከተሉ። አጠገብ ወዳለችው ወደ ሴንት ክሮይ ደሴት የሄዱት ወንድሞችና እህቶች ብዙ ሳይቆዩ በንዳድ እየታመሙ መሞት ጀመሩ። የሞታቸው ወሬ ሄርንሁት ሲደርስ ሌሎች ተነሥተው ሄዱ። ለምን? ሞኞች ስለነበሩ ነው? ሐዘን ስለማይሰማቸው ነው? አይደለም። ጀርመንኛ የሚናገር ሰው ሲሞት ይቆረቁራል፣ እንደኛው ነው። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ ፋሲካን የሚያከብሩት መቃብር ላይ ቆመው ነው። የመቃብርን ጉዳይ ከመሄዳቸው በፊት በቤታቸው ጨርሰውታል።

ውድ አንባቢ፣ ሁሉም ግን በሞት አይደለም የሚፈተነው። አንዳንዱ የሚፈተነው ባለመድረስ ነው። ይህን የሚያሳይ እኛን የሚነካ ታሪክ አለ፤ ብዙዎቻችሁ የምትሰሙት የመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል።

የሞራቪያ ወንድሞች ወደ ኢትዮጵያ ለመምጣት ሞክረው ነበር። ፍሬድሪክ ሆከር የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1752 ካይሮ ደረሰ። ዓላማው በዚያ አድርጎ ወደ አገራችን መግባት ነው። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ጳጳስ የሚላከው ከእስክንድርያ መንበር ስለነበር፣ በሩ የሚከፈተው በዚያ ነው ብሎ የኮፕት ፓትርያርኩን ሄዶ አገኘ፤ በመልካም ተቀበሉት። እያከመ፣ ቋንቋ እየተማረ ጠበቀ። ወደ አውሮፓ ተመለሰ፤ እንደገና መጣ። አንድ ጊዜ በቀይ ባሕር ተሳፍሮ ወደ እኛ አቅጣጫ ጉዞ ጀመረ። መርከቡ ተሰበረ። መድኃኒቱንም አጣ። ተመልሶ ካይሮ ገባ። ሌሎች ወንድሞች መጥተው አብረውት ሠሩ፤ ከእነርሱ አንዱ ሰዓት ጠጋኝ የነበረው ጆን አንተስ ገንዘብ ፈልገው በያዙት ሹማምንት እጅ ውስጥ እግሩን ክፉኛ ተገርፏል። ሆከርም እዚያው ካይሮ ሞተ። ኢትዮጵያን አላያትም። ጥቂት ቆይቶ ሥራው ተዘጋ።

ግብፅ ውስጥ የኮፕት ፋሲካና የእኛ ፋሲካ አንድ ቀን ነው የሚውለው። እንግዲህ ሆከር በካይሮ በኖረባቸው ዓመታት፣ ጎረቤቶቹ ጾማቸውን ሲፈቱ፣ በዚያችው ሌሊት በጎንደርም እየተፈታ ነበር። እርሱ ሊያያቸው የፈለጋቸው ሰዎች ከእርሱ ጎረቤቶች ጋር በአንድ ቀን “ተነሥቷል” ይላሉ፤ እርሱ ግን ከእነርሱ ጋር አልቆመም። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ “ታዲያ ምን ሠራ?” የሚል ጥያቄ መጣብኝ። መልሱን አላገኘሁም። ሂሳቡ ያለው በላኪው ዘንድ ነው።

ስለ ሌላው ግን መልስ አለኝ። ጆርጅ ሽሚት የሚባል ሰው ነበር። ገና ወጣት ሳለ በእምነቱ ምክንያት ስድስት ዓመት ታስሯል። ከእስር ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1737 ደቡብ አፍሪካ ሄደ፤ የዝንጀሮዎች ሸለቆ በሚባል ቦታ በኮይኮይ ሕዝብ መካከል ተቀመጠ። ደች ሰፋሪዎቹ ያን ሕዝብ እንደ ሰው አይቆጥሩትም ነበር። ሽሚት አትክልት ተከለ፤ ማንበብ አስተማረ፤ የእንኮይ ሳይሆን የፒር የሚባል የፍራፍሬ ዛፍ ተከለ፤ እ.ኤ.አ. በ1742 አምስት ሰዎችን አጠመቀ። ይህን ሲያደርግ የከተማው ቀሳውስት “ማን ሥልጣን ሰጠህ?” ብለው ተነሡበት። እ.ኤ.አ. በ1744 መጀመሪያ ላይ፣ የዚያ ዓመት ፋሲካ ከመድረሱ በፊት፣ ጥቂቶቹን አማኞች ትቶ በመርከብ ወደ አውሮፓ ተመለሰ። እመለሳለሁ ብሎ ነበር፤ አልተፈቀደለትም። እ.ኤ.አ. በ1785 ሞተ። ከሄደበት ቀን እስከ ሞተበት ቀን 42 ፋሲካ አለፈ።

እ.ኤ.አ. በ1792 ሦስት የሞራቪያ ወንድሞች በመጨረሻ ፈቃድ አግኝተው ወደዚያ ሸለቆ ሄዱ። ያ ዛፍ አድጎ ትልቅ ሆኗል። ሽሚት ካጠመቃቸው አንዷ፣ ማግዳሌና የተባለች፣ ሌና የሚሏት፣ ዓይኗ የፈዘዘ አሮጊት ሆና በሕይወት አለች። ሽሚት የሰጣትን የደች አዲስ ኪዳን በበግ ቆዳ ጠቅልላ አስቀምጣ ነበር፤ አወጣችው። ራሷ ማንበብ ስላልቻለች አንዲት ወጣት አነበበችላቸው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከዛፉ ሥር ሰው እየሰበሰበች ስትጸልይ ኖራለች።

ሰባኪ የለ፣ ሚሲዮን የለ፣ በጀት የለ። 48 ዓመት።

ወገኖቼ፣ ይህን ለመስማት እስከ ደቡብ አፍሪካ መሄድም አያስፈልገንም። ወላይታ ላይ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ከአባቶቻችሁ ሰምታችኋል። የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሰዎች በ1920 ዓ.ም. በደቡብ ሥራ ጀመሩ። ሲደክሙ ኖረው ጥቂት ሰዎች አመኑ። ጣሊያን ገባ። የመጨረሻዎቹ ሚሲዮናውያን ሶዶን ለቀው የወጡት ሚያዝያ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው፤ ቅዳሜ ቀን ነበር። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስሉት። በሚሲዮናውያኑ አቆጣጠር የዚያ ዓመት ፋሲካ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሊሆነው ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በሁለት ፋሲካ መካከል ወጡ። እነርሱ አክብረው ሄዱ፤ አማኞቹ በእነርሱ ፊት ያልነበረውን ፋሲካ ብቻቸውን ዋሉ።

ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። በቋንቋቸው የነበራቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ጥቂት ነው። ከዚያ መሪዎቻቸው ታሰሩ፤ ተገረፉ። ጣሊያን ወጥቶ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ የአማኞቹ ቁጥር ወደ 10,000 ደርሷል ተብሎ ተገመተ። ሚሲዮናውያኑ ራሳቸው ማመን አቅቷቸው ነበር። ስለዚህ ቁጥር ብዙ ተብሏል፤ እኔ ግን ዓይኔ የሚያርፈው 10,000 ላይ ሳይሆን 48 ላይ ነው። ወደ ኋላ እያዩ በመኪና የወጡት ሰዎች በልባቸው የያዙት ያንን 48 ነበረና።

አሁን ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። ዛሬ የአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው ይልካሉ። ወንድሞችና እህቶች በእስያም በአፍሪካም አሉ፤ ስማቸውን በሬዲዮ የማንጠራቸውም አሉ፤ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። ሚሲዮናዊ የሚል ስም ሳይሰጣቸው በአረብ አገር በሰው ቤት እየሠሩ የሚመሰክሩ እህቶችም አሉን። የእነዚህ ሰዎች ፋሲካ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ?

አንደኛ ነገር ቀኑ ላይገጥም ይችላል። የምዕራቡ ዓለም ፋሲካና የእኛ ፋሲካ የሚሰላው በተለያየ አቆጣጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ ቀን ዋለ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግን የአምስት ሳምንት ልዩነት ነበረው። ስለዚህ አገልጋዩ እዚያ ካሉት አማኞች ጋር ያከብራል፤ የቤቱ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ እዚያ ተራ የሥራ ቀን ነው። እንደ ኩዌት ባሉ አገሮች እሑድ ራሱ የሥራ ቀን ስለሆነ ጉባኤዎች አርብ ተሰብስበው ያመልካሉ። የትንሣኤ እሑድ ላይ ሳህን የምታጥብ እህት አለችን። ጓዳ ውስጥ ሆና በሹክሹክታ ትዘምራለች።

አንድ ጊዜ ከአገልግሎት በኋላ አንዲት እናት መጥታ አነጋገረችኝ። ልጇ ሩቅ አገር ለወንጌል ሄዷል። “ቤተ ክርስቲያን ሲላክ እጅ ጭና ጸለየች፤ አለቀስን፤ ፎቶ ተነሣን። ከዚያ ወዲህ ግን በበዓል ቀን በሬን ያንኳኳ የለም” አለችኝ። ምን ልበላት? “ጌታ ይባርክሽ እማዬ” ብዬ ሄድኩ። ቤት ስደርስ አፈርኩ። እርሷም እኮ ተልካለች፤ ልጇን በመስጠት ተልካለች፤ እኛ ግን የላክነው እርሱን ብቻ መስሎናል።

ሄርንሁት ይህን ያውቅ ነበር። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ደብዳቤ በጉባኤ ይነበባል። በእነርሱ ልማድ መላክና ማስታወስ አይለያዩም። እኛ ጋ መላክ ይበዛል፤ ማስታወስ ያንሳል። ይህ ፍርዴ ከበዛ ተቆጡኝ፤ ግን አጥቢያችሁ ውስጥ ስንት የተላኩ ሰዎች እንዳሉ አሁን ሳትጠይቁ መቁጠር ትችላላችሁ?

ዘንድሮ የትንሣኤን ሌሊት በአዳር ጸሎት የምታሳልፉ ጉባኤዎች፣ ከመንጋቱ በፊት አንድ አምስት ደቂቃ ውሰዱ። ከአጥቢያችሁ ወጥተው ሩቅ ያሉትን፣ ስማቸው መጠራት የሚችለውን በስም ጥሩ፤ የማይችለውን “አንተ የምታውቀው ጌታ ሆይ” ብላችሁ ጸልዩ። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ በአገልግሎት ላይ ያንቀላፉ ካሉም አንሡአቸው። ከዚያ ጠዋት፣ ሽማግሌዎች፣ የእናታቸውን በር አንኳኩ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ።

ለራሳቸውም ደውሉ። ግን ስትደውሉ ስለ ዶሮው አታውሩላቸው፤ ይበቃቸዋል። ስልኩን ወደ ጉባኤው አዙሩና ዝማሬውን አሰሙአቸው። እዚያ ሌሊት ከሆነም አይቆጡም።